የአሸዋው እርሾ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በኮራሉ ገንዳ ውስጥ የሰው ዱካ አገኘሁ። የባዶ እግር ዱካ ነው። እሑድ ዕለት ባነጠፍኩት አሸዋ ላይ፣ ሰባ ሴንቲ ሜትር ጨዋማ ውኃ ሥር፣ ከግራው መስታወት ተነሥቶ ወደ ቀኙ መስታወት ይሄዳል። አምስት እርምጃ ነው። አምስተኛው ግማሽ ነው፤ ተረከዙ ብቻ አሸዋው ላይ አርፏል። ጣቶቹ ማረፍ የነበረባቸው ከመስታወቱ ውጭ ነው። መመለሻ ዱካ የለም።

የገንዳው ክዳን እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንገቴ ላይ ነው።

የግራ እግሩ ዱካ አራት ጣት ነው ያለው። ትንሿ ጣት የለችም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የግራ ጫማዬንና ካልሲዬን አውልቄ እግሬን አየሁት። የእኔም አራት ነው።

ገንዳው ያለው የባሕር ሕይወት በሚጠናበት ማዕከል ውስጥ ነው። ባሕሩ ከአዲስ አበባ ሩቅ ስለሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ ተሠራለት። ኮራሎቹን ከጥፍር ከሚያንሱ ቁራጮች ተነሥቼ ስድስት ዓመት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በሥራ መደቤ ላይ «የገንዳ ጽዳትና ጥበቃ» ይላል። የተማርኩት ግን የባሕር ወለል ነው።

የገንዳው ወለል ባዶ መስታወት ነበር። አሸዋ የገባው በትእዛዝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፀዳለ መጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«አቶ ተድባበ፣ ይኼ ገንዳ ከታች ራቁቱን ነው።»

«ኮራሎቹ ለምደውታል» አልኩ።

«እንግዶች አልለመዱትም። አሸዋ ይግባበት። ለምርቃቱ ዓርብ ይድረስ።»

በቆየ ገንዳ ውስጥ አሸዋ ባንድ ጊዜ እንደማይደፋ አስረዳኋቸው። ሲሶው ዛሬ ይገባል፤ ሲሶው ከሦስት ሳምንት በኋላ፤ የቀረው ውኃው ተለክቶ ነው። ባንድ ጊዜ ከሆነ ከድንጋዮቹ ሥር የተኛው ቆሻሻ ይታፈናል፤ ውኃው ይመረዛል፤ ኮራሉ አፉን ይዘጋና አይከፍትም።

«አሸዋ ነው እኮ ያልኩዎት» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «ሲሚንቶ አላልኩም።»

ከዚያም በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ የእምነበረድ ሰሌዳ ገለጥ አድርገው፣ የፊደል ስሕተት እንዳይኖርበት እንዳነብላቸው ሰጡኝ። አዳራሹ ዓርብ ስም ሊወጣለት ነው። ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ «የዳህላክ ደሴቶችን አሸዋ በእግራቸው ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ላጠኑት ለፕሮፌሰር ልዑልሰገድ አብተው መታሰቢያ።»

ሁለቴ አነበብኩት።

«ፊደሉ ልክ ነው» አልኩ።

ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ ዳህላክን ረግጠው አያውቁም። ጀልባ ያጥወለውላቸዋል። በ1980 ዓ.ም. እኔ ሰባት ወር ሙሉ ደሴት ለደሴት ስዞር፣ አማካሪዬ የነበሩት እሳቸው ምጽዋ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። መጋቢት ላይ ኮራል እግሬን ቆረጠኝ። ትንሿ ጣቴ መገለች። አንድ ድሬሰር ጀልባ ላይ በመቀስ ቆርጦ ጣላት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እያነከስኩ አሥራ አንድ ናሙና ወሰድኩ። መመረቂያ ጽሑፌን በእጄ ጽፌ ለአማካሪዬ ሰጠሁ። በሁለተኛው ዓመት በእሳቸው ስም መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በምስጋናው ገጽ ላይ የእኔ ስም ከጀልባዋ ስም ቀጥሎ ተጽፏል። ሦስት ጊዜ አቤቱታ አስገባሁ። ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ ማስረጃ ያቅርብ። ማስታወሻ ደብተሮቼ በእሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ናሙናዎቼ በእሳቸው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ጣቴ ባሕር ውስጥ ነበረች።

ለእኔ የቀረኝ አንድ ጠርሙስ አሸዋ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ከቤት ቤት ይዤው ዞሬአለሁ።

እሑድ ትእዛዙን ፈጸምኩ። አሥሩን ከረጢት አሸዋ በባልዲ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ሰባት ሰባት ጊዜ አጠብኩ። ፓምፖቹን አጠፋሁ። አንድ ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ወለሉ አወረድኩና ላዩ ላይ ቂጡን የቆረጥኩት ሃይላንድ ጠርሙስ ገጠምኩ። በዚያ በኩል አሸዋውን ጥቂት በጥቂት፣ በድንጋዮቹ ዙሪያ፣ ኮራሉ ላይ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቅኩ አፈሰስኩት። ድንጋዮቹን አላነሣሁም፤ መስታወቱ ላይ እንደቆሙ ይሻላቸዋል።

አዲስ አሸዋ ሕይወት የለውም። እንደ ሊጥ እርሾ ይፈልጋል። ከኖረ ወለል አንድ ኩባያ አሸዋ ይጨመርበታል፤ በዚያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ወደ አዲሱ ይዛመታሉ። እኔ ያለኝ እርሾ የዳህላኩ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ደርቆ የቆየ አሸዋ ሙት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ። ቢሆንም በእልህ ገለበጥኩት። በስማቸው በሚጠራው አዳራሽ ውስጥ አንድ እፍኝ የኔ ነገር ይኑር ብዬ ነው።

ሰኞ ገንዳው እንደ ጉሽ ጠላ ደፍርሶ ዋለ። ማክሰኞ ጠራ። ዱካው የታየው ያኔ ነው።

ወይዘሮ ፀዳለን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት።

«ማን ነው የገባው?»

«ማንም አልገባም።»

«ታዲያ ይደልደል። ዓርብ እንግዳ አለብን።»

በረጅሙ መቧጠጫ ደለደልኩት። ረቡዕ ጠዋት ዱካው እዚያው ቦታ ላይ ነበር። አምስት እርምጃ፣ አምስተኛው ግማሽ። በዚህ ጊዜ በጥንቃቄ አየሁት። ሦስተኛው እርምጃ በሁለት ኮራሎች መካከል፣ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር በምትሰፋ ቦታ ላይ ያርፋል። እግሩ አንዱንም አልነካም። ከውጭ ጠርዙ ተደግፎ፣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ነው የረገጠው። ኮራል ላይ መሄድ የሚያውቅ ሰው አረጋገጥ ነው። አንዲት ትንሽ ዓሣ ተረከዙ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ተኝታለች።

ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ ሦስት ነን፦ ወይዘሮ ፀዳለ፣ የጥበቃው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ በዳሶና እኔ። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። የሃያ ሦስቱም ሠራተኞች ግራ እግር በወረቀት ላይ እንዲሰመርና ከዱካው ጋር እንዲነጻጸር ተወሰነ።

ሠራተኛው አዳራሹ ውስጥ ተሰለፈ። ሃምሳ አለቃ በዳሶ እግር ያስቀምጣሉ፣ እኔ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምራለሁ። ሃምሳ አለቃው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ዝም ብለው መሥራት አይችሉም።

«አንተ፣ ይኼ ካልሲ ነው መረብ? ዓሣ ልታጠምድበት ነው?» ይሉታል ሹፌሩን። የእኔ ተራ ሲደርስ ጎንበስ ብለው እግሬን አዩና «የዶክተርን መለካት ምን ያደርጋል?» አሉ። ዶክተር አይደለሁም። ሃምሳ አለቃው ይህን ያውቃሉ። «እኔ እሳቸውን ከበሩ ማዶ ሳሉ ነው በኮቴያቸው የማውቃቸው። አንዱን ይረግጡና ሁለተኛውን ያስቡበታል።»

ሰው ሳቀ። እኔ የራሴን እግር ራሴ አሰመርኩ። አራት ጣት።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ውጤቱ ታወቀ። ሃያ ሁለቱ አልገጠሙም።

«እርስዎ ነዎት» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ያለ ፈቃድ ገንዳ ውስጥ መግባት ከባድ ጥፋት ነው አቶ ተድባበ። ከሥራ ያስወጣል።»

«አሁን አልገባሁም። የረገጥኩት በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው።»

«የት?»

«ዳህላክ።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲህ የሰማንያ ጥፋት ላይ ሥልጣን አለን የለንም አላውቅም። እርስዎ ዱካው የእኔ ነው ብለው ይጻፉ፤ ዓመተ ምሕረቱን ቅንፍ ውስጥ ያድርጉት። ቅጣቱን ከምርቃቱ በኋላ እናያለን።»

ጻፍኩ። «ዱካው የአቶ ተድባበ ይመር መሆኑ ተረጋግጧል (1980 ዓ.ም.፣ ዳህላክ)።» ፈረምኩ። ሃምሳ አለቃ በዳሶ ፈረሙ። ወይዘሮ ፀዳለ ፈረሙና ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ ግድ አልነበረኝም። ሠላሳ ዓመት ማስረጃ አምጣ ሲሉኝ ኖረዋል። እነሆ ማስረጃ፣ በሦስት ፊርማ። የቀረው ማኅተም ነው። ወይዘሮ ፀዳለ ማኅተሙ ላይ እፍ አሉበት።

በሩ ተከፈተ። ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ ናቸው፤ አዳራሹን ከነገ በፊት ለማየት መጥተዋል። ጸጉራቸው ነጭ ነው፣ ጫማቸው ቡናማና ውድ ነው።

«ተድባበ! አሁንም ከውኃው አልወጣህም?» አሉኝ። ወደ ገንዳው ሄደው አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። «አገኛችሁት ማለት ነው» አሉ።

«ምኑን ፕሮፌሰር?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ፣ ማኅተሙን አየር ላይ እንደያዙ።

«ዱካዬን።»

ሠላሳ ዓመት በልቤ ስለማመደው የኖርኩት ዐረፍተ ነገር ነበር። ያኔ አወጣሁት። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

«እርስዎ ዳህላክ አልሄዱም።»

«አንተ ነህ እኮ ሻንጣዬን የያዝክልኝ» አሉ በሐዘኔታ። «ረሳኸው?»

«የዱካው ጣት አራት ነው። የእርስዎ አምስት ነው።»

ፕሮፌሰሩ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። የግራ ጫማቸውን ክር ሳይቸኩሉ ፈቱ። ካልሲያቸው የወይን ጠጅ ቀለም ነው። አወለቁት።

አራት ጣት ነበራቸው። በአምስተኛዋ ቦታ ጠባሳ አለ። ጠባሳውን አውቀዋለሁ፤ ጫፉ ላይ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ የድሬሰሩ መቀስ ስለደነዘ ነው።

እኔም ጫማዬን አወለቅኩ። የእኔ አምስት ነበር።

«ወረቀቱ!» አልኩ። «ወረቀቱን አውጡት። ትናንት እግሬን አሰምሬአለሁ።» ሃምሳ አለቃ በዳሶ ከክምሩ ውስጥ ፈልገው አወጡት። መስመሩ የእኔ እጅ ነው፤ እርሳሱ ተረከዙ ላይ የዘለለበት ቦታ ሳይቀር አለ። አምስት ጣት።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ አይተዋል። አራት ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን አዩ፣ እግሬን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። «እኔ ኮቴ ነው የማውቀው» አሉ። «ጣት አልቆጥርም።»

ወይዘሮ ፀዳለ ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መልሰው ቃለ ጉባኤውን ለሁለት ቀደዱት። «ሌላ ይጻፋል» አሉ። «አቶ ተድባበ፣ እርስዎ ይጻፉት። ጽሕፈትዎ ጥሩ ነው።»

ጻፍኩት። «ዱካው የፕሮፌሰር ልዑልሰገድ አብተው መሆኑ ተረጋግጧል።» ለምን ጻፍክ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ያኔም መመረቂያ ጽሑፍህን በገዛ እጅህ ለምን ሰጠኸው ብለውኛል። ሲጠይቁኝ እሰጣለሁ፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ማኅተሙ በደንብ ወጣ።

ፕሮፌሰሩ ሲሄዱ ያነክሱ ነበር። ማነከሱ ያምርባቸዋል።

ጣቷን የመረመርኳት ከዚያ በኋላ፣ ፓምፑ ክፍል ውስጥ ነው። የእኔ አይደለችም። ከእግሬ በዕድሜ ትበልጣለች። ጥፍሯ በሥርዓት ተሞርዷል። ጎኗ ላይ ጠባብ የቆዳ ጫማ የሚያወጣው ዓይነት መጅ አለባት፤ እኔ እንዲህ ያለ ጫማ አድርጌ አላውቅም። ነካኋት። ተሰማኝ፤ ግን ዘግይቶ፣ ሌላ ቤት ውስጥ በር እንደሚንኳኳ ያህል።

አመሻሹ ላይ ስወጣ አላነከስኩም። ሃምሳ አለቃ በዳሶ ከጥበቃው ቤት ዘለው ወጡ።

«ቁም! ማነህ?»

«እኔ ነኝ ሃምሳ አለቃ።»

«ዶክተር?» ቀረብ ብለው ፊቴን አዩ። «ኮቴዎ ምን ሆነ?»

«ዳነ።»

«እንኳን ማረዎ። እንግዲያ ከነገ ጀምሮ መታወቂያ ይያዙ።»

ዓርብ ምርቃቱ በአራት ሰዓት ተጀመረ። ዱካው እንዳይደለደል በጽሑፍ ተነግሮኛል። ውኃው ውስጥ ያለውን መርዝ፣ የአሞኒያውን መጠን፣ ለክቼ ነበር፤ ከፍ ብሏል፤ ሁለት ኮራሎች አፋቸውን ዘግተዋል። ይህን ለወይዘሮ ፀዳለ ነገርኳቸው። «ከንግግሩ በኋላ» አሉኝ።

ፕሮፌሰሩ ያለ ወረቀት ተናገሩ። ስለ ሰባቱ ወር፣ ስለ ጀልባዋ፣ በመጋቢት ስለቆረጣቸው ኮራል አወሩ። ድሬሰሩ መቀሱን በሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንዴት እንዳጠበው፣ ጣቷ ውኃ ላይ ስትወድቅ ምን ያህል ትንሽ ድምፅ እንዳሰማች፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እያነከሱ አሥራ አንድ ናሙና እንደወሰዱ ተናገሩ። የድሬሰሩን ስም ጠሩ። እኔ ከኋላ ቆሜ ስሙን ለማስታወስ ስሞክር፣ እሳቸው ከጠሩት ሌላ ምንም አልመጣልኝም። መልኩም አልመጣልኝም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። አረንጓዴው ጨርቅ ተገፈፈ፤ ሰው አጨበጨበ። እንግዶቹ እየተራቸው ገንዳው ፊት ቆመው ዱካውን ፎቶ አነሡ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ለምሳ ወደ ሆቴል ሄዱ። እኔ አልተጠራሁም። አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ለተዘጉት ኮራሎች ውኃ ለመቀየር ባልዲዬን አምጥቼ ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ።

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዱካ ጠለቀ። አሸዋው ክብደት እንዳረፈበት ያህል ሰመጠ፣ ጠርዙ ተናደ፣ ጥቂት ብናኝ ተነሣ። ከዚያ ሁለተኛው። ሦስተኛው በሁለቱ ኮራሎች መካከል፣ ማንንም ሳይነካ። አራተኛው። ዓሣዋ ከተረከዙ ጉድጓድ ወጥታ መንገድ ለቀቀች። አምስተኛው፣ ተረከዙ ብቻ።

የቀረው ግማሽ ከውጭ፣ አዳራሹ ወለል ላይ ታየ። እርጥብ ነው። አራት ጣት ነው። ገንዳው ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በብረት ላይ ነው የቆመው፤ ዱካው ይህን ከቁጥር አላስገባውም።

ከዚያ ስድስተኛው መጣ፤ ቀኝ እግር። ከዚያ ሰባተኛው። በአዲሱ ሰሌዳ ፊት ሳይቆም አለፈ። እየተከተልኩ ወጣሁ። በሩ ላይ፣ ሰው እጀታውን የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ ነጭ አሸዋ ተጣብቋል።

ሃምሳ አለቃ በዳሶ ጥበቃው ቤት ፊት ቆመው ነበር። ሲያዩኝ እጃቸው ወደ ቀበቷቸው ሄደ።

«ቁም! መታወቂያ!»

አሳየኋቸው። መታወቂያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ውጭው በር ዞረው አዩ።

«አሁን ወጡ አይደል እንዴ ዶክተር?»

«ማን ወጣ?»

«እርስዎ ነዎታ። ባዶ እግርዎን፣ ውኃ እየተንጠባጠበብዎ። ልጅ መስለው ነበር እንዲያውም። ሰላምታ ሰጠሁ፤ እርስዎም ራስዎን ነቅነቅ አደረጉልኝ።»

«ፕሮፌሰሩ ይሆናሉ። እሳቸውም አሁን ያነክሳሉ።»

«እሳቸው በመኪና ነው የወጡት። ደግሞ የእሳቸው ማነከስ አዲስ ነው፣ ያስታውቃል። ይኼ የኖረ ነው።»

«መታወቂያ ጠየቁት?»

ሃምሳ አለቃው ተቀየሙ።

«ኮቴውን እያወቅኩ?»

ወደ ጎዳናው ወጣሁ። እርጥቡ ዱካ በእግረኛው መንገድ ንጣፍ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀኑ ፀሐይ ከዳር ጀምሮ ያደርቀዋል። የሩቆቹ ጨው ብቻ ሆነዋል። ሰው ሳያያቸው ይረግጣቸዋል። መጨረሻቸው አይታይም።

ከመድረቁ በፊት አንድ የግራ እግር ዱካ አገኘሁ። ጫማዬንና ካልሲዬን አውልቄ ላዩ ላይ አረፍኩበት። ተረከዙ ገጠመ። ቅስቱ ገጠመ። አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ገቡ። ትንሿ ጣት ብቻ ከውጭ ቀረች፤ ደረቁ ንጣፍ ላይ፣ በተሞረደ ጥፍሯ።

አንድ ሰው ሆቴል ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ ጠባብ ጫማውን እንደሚያላላ ያህል፣ ጣቷ ብቻዋን ተንቀሳቀሰች።